ጎን ለጎን ስቴሪዮ ፎቶ፦ ፊት ያለው ወደ ኋላ፣ ኋላ ያለው ወደ ፊት እየመጣብኝ ነው

ብርሃን_ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን በስልኬ ስቴሪዮ ፎቶ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ዓይን አንድ አንድ ሆኖ ጥልቀት የሚያሳይ ጥንድ ፎቶ፣ መሥራት ጀምሬያለሁ። አንድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ ብዬ ሌላ አነሳለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን እለጥፋቸዋለሁ። የማየው በባዶ ዓይን ነው። ዓይኔን አንሸዋርሬ ትንሽ ስታገስ ምስሎቹ ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ። እስከዚህ አሪፍ ነው።

ችግሩ ጥልቀቱ ነው። ወንበሩ ከግድግዳው ፊት ነው የቆመው። በምስሉ ግን ግድግዳው ወደ እኔ ይመጣል፣ ወንበሩ ግድግዳው ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ገብቶ ይታየኛል። ትንሽ ከቆየሁ ደግሞ ግንባሬን ያመኛል።

ልዩ ካሜራ ካልገዛሁ አይሆንም ማለት ነው? ቪዲዮስ? አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ስልኮች አሉኝ።

ጋሽ_ሌንስ

ካሜራ አትግዛ። መጀመሪያ ሁለቱን ፎቶዎች ቦታ አቀያይራቸውና እንደገና እይ።

ጎን ለጎን የተለጠፈ ጥንድ ፎቶ በባዶ ዓይን በሁለት መንገድ ይታያል። አንዱ አሻግሮ ማየት ነው። ከስክሪኑ ኋላ ሩቅ ያለ ነገር የምታይ ያህል ዓይንህን ትለቀዋለህ። ግራ ዓይን ግራ ያለውን ምስል፣ ቀኝ ዓይን ቀኝ ያለውን ያገኛል። ሌላው አንሸዋሮ ማየት ነው። እዚህ የዓይኖችህ መስመር ከስክሪኑ ፊት ይጠላለፋል። ስለዚህ ግራ ዓይን ቀኝ በኩል ያለውን ምስል፣ ቀኝ ዓይን ግራ በኩል ያለውን ያያል። አንተ ለአሻጋሪ የተደረደረ ጥንድ በማንሸዋረር ነው ያየኸው። እያንዳንዱ ዓይን የሌላውን ድርሻ ወሰደ፣ ጥልቀቱም ተገለበጠ። ሌላ ምስጢር የለውም።

በየትኛው መንገድ እያየህ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ምስሎቹ ሲገጥሙ ሦስት ሆነው ይታያሉ፣ ጥልቀት ያለው መሃለኛው ነው። ያኔ ቀኝ ዓይንህን ጨፈን አድርግ። ከሦስቱ በስተቀኝ ያለው ከጠፋ አንሸዋረህ ነው የምታየው። በስተግራ ያለው ከጠፋ እያሻገርክ ነው።

የግንባሩ ሕመም ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁለቱ ፎቶዎች አንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ ወይም ዘመም ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ዓይናችን ወደ ጎን መገናኘትና መለያየት ለምዷል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሂዱ ሲባሉ ግን አይችሉበትም። በትንሹ ይሞክራሉ፣ ከዚያ ራስ ያማል።

ብርሃን_ፈላጊ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስጨፍን በስተቀኝ ያለው ነው የጠፋው። አቀያየርኳቸው፣ ወንበሩ ወደ ቦታው ተመለሰ! (በነገራችን ላይ "አንቺ" በሉኝ 😄)

ዝም_ብዬ_አያለሁ

እኔ ጨርሶ አልሆነልኝም። ደግሞ እንዲህ ተንሸዋርሬ ብቀርስ? ልጅ ሆነን ስናንሸዋርር እናቴ ትቆጣ ነበር፤ "ንፋስ ይመታህና እንደዚያው ትቀራለህ" ትለኝ ነበር።

ጥንድ_ዓይን

አትቀርም ወንድሜ። አፍንጫህ ሥር ያለ ነገር ባየህ ቁጥር ዓይንህ ይንሸዋረራል፣ ተመልሶም ይስተካከላል። ካመመህ ግን አቁም፣ በግድ የሚሆን ነገር አይደለም። የዓይን ጡንቻ ችግር ኖሮብህ የሚያውቅ ከሆነ ሐኪምህን ጠይቅ።

ለማንሸዋረር ጣትህን በስክሪኑና በፊትህ መካከል አቁም። ዓይንህን ከጣቱ ጫፍ አትንቀል። ከኋላ ያሉት ሁለት ምስሎች አራት ሆነው ይበተናሉ። አሁን ጣትህን በቀስታ ወደ ፊትህ ወይም ወደ ስክሪኑ አንቀሳቅስ። የሆነ ቦታ ላይ መሃል ያሉት ሁለቱ ይደራረባሉና ሦስት ይሆናሉ። እዚያ ላይ ጣትህን አውጣው፣ ዓይንህ ግን ባለበት ይቆይ። መጀመሪያ ብዥ ይላል። ታገስ፣ ይጠራል።

አሻግሮ ማየት ለብዙ ሰው የበለጠ ዕረፍት አለው፣ ግን የመጠን ገደብ አለበት። የአዋቂ ሰው ሁለት ዓይኖች ርቀት በአማካይ 6.3 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ዓይን ትይዩ እስኪሆን ይለቀቃል እንጂ ወደ ውጭ መገንጠል አይወድም። ስለዚህ በሁለቱ ምስሎች ላይ ያለ አንድ ዓይነት ነጥብ፣ ለምሳሌ ሩቅ ያለ የዛፍ ጫፍ፣ በስክሪኑ ላይ ከዚያ በላይ መራራቅ የለበትም። በማስመሪያ ለካው። ስልክህ ተጋድሞ ስክሪኑ 15 ሳንቲሜትር ከሆነ የምስሎቹ መሃል ለመሃል ርቀት 7.5 ነው፣ በቃ አለፈ። አሳንሰው። ጥንዱ በጠቅላላው 12 ሳንቲሜትር ቢሆን ወዲያው ይገጥምልሃል። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሙሉውን ዘርግቶ ማሻገር የሚታሰብ አይደለም። እዚያ ማንሸዋረር ነው፣ ያውም ራቅ ብሎ።

መነፅር_ወዳድ

ወይም ሌንስ ያለው ማያ ተጠቀሙ፣ ምን አስጨነቃችሁ። በ2014 የወጣው የጉግል ካርድቦርድ ዓይነት ካርቶን እንኳ ይበቃል። ሁለቱ ሌንሶች ዓይን በቅርብ ፎከስ እያደረገ መስመሩ ግን ትይዩ እንዲሆን ያግዙታል። ለዚህ የሚደረደረው ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ ነው።

ቪአር መነፅር (ዓይን ላይ የሚታሰር፣ ዙሪያውን ምስል የሚያሳይ) ላላችሁ አንድ ነገር፦ ማጫወቻው አንዳንዴ ተራውን ጎን ለጎን ፎቶ የ180 ዲግሪ ምስል መስሎት ዙሪያችሁን ይጠቀልለዋል። "ጠፍጣፋ ስክሪን" የሚለውን ምረጡ። "ጥራቱ ቀሽም ነው" እያሉ የሚያማርሩት ብዙዎቹ ይህን ያላስተካከሉ ናቸው።

ትሪፖድ

ወደ አነሳሱ እንምጣ፣ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ብርሃን_ፈላጊ፣ "ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ ብዬ" ያልሽውን ልክ ስጪው። እግርሽን ከፈት አድርገሽ ቁሚ። ክብደትሽን ግራ እግርሽ ላይ ጥለሽ አንሺ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እግርሽ አዛውሪና ድገሚ። ስልኩ ይንሸራተታል እንጂ አይዞርም። ሰው ሳያውቀው የሚያደርገው ነገር መሃል ያለውን ዕቃ ለመከተል ስልኩን ጠምዘዝ ማድረግ ነው። ያኔ አንዱ ምስል በግራ በኩል፣ ሌላው በቀኝ በኩል ይረዝማል፣ ማዕዘኖቹ ከላይና ከታች አይገጥሙም። መሃሉ አሪፍ ሆኖ ዳር ዳሩ ዓይን የሚያደክም ፎቶ ካጋጠመሽ ምክንያቱ ይህ ነው።

ፎከስና ብርሃን ቆልፊ። በአብዛኛው ስልክ ስክሪኑን ተጭኖ መቆየት ነው። አለዚያ ሁለተኛው ፎቶ ጠቆር ወይም ቢጫ ብሎ ይወጣል።

ሁልጊዜ ግራውን አስቀድሚ። ልማድ ይሁንብሽ። ከወር በኋላ ፋይሎቹን ስትከፍቺ የትኛው የየትኛው ዓይን እንደሆነ አትጨነቂም።

የርቀቱ ሕግ 1 ለ30 ነው። በጣም ቅርብ የሆነው ነገር ያለበትን ርቀት ለ30 አካፍይ፣ ያ ነው በሁለቱ ፎቶዎች መካከል የምትንቀሳቀሽው። ቅርቡ ነገር 2 ሜትር ላይ ከሆነ ወደ 6.7 ሳንቲሜትር። አበባ በ30 ሳንቲሜትር ከሆነ 1 ሳንቲሜትር ብቻ። ከዚህ ካለፍሽ አይገጥምም።

የመስክ_ካሜራ

ትሪፖድ፣ "ሕግ" አትበለው ባክህ። መነሻ ነው። 1 ለ30 የሚሠራው ተራ ሌንስ ይዘህ፣ ከኋላ ሰማይ ወይም ሩቅ ተራራ ሲኖር ነው። አበባው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ከሆነና ከኋላው ምንም ከሌለ የ1 ለ30ውን እጥፍ ብትሄድም ዓይን ይሸከመዋል። ዓይንን የሚያስጨንቀው በቅርቡና በሩቁ መካከል ያለው ልዩነት ነው እንጂ የቅርቡ ርቀት ብቻ አይደለም። ዙም ባደረግክ ቁጥር ደግሞ መቀነስ አለብህ። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ይቅር ይላል።

ትሪፖድ

ለጀማሪ ነው የነገርኳት። መጀመሪያ ሕግ፣ ከዚያ ክርክር።

የመስክ_ካሜራ

ይሁን። ግን በሩቁም በኩል ይነገራት። ቅርቡ ነገር 300 ሜትር ላይ ያለ ኮረብታ ከሆነ ስሌቱ 10 ሜትር ተራመጂ ይላል። ይሠራል፣ ኮረብታውም ጥልቀት ያወጣል። ግን ዓይኖቹ 10 ሜትር የተራራቁለት ሰው ስለሌለ አንጎል ነገሩን አሳንሶ ይረዳዋል፤ ከተማው ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ መጫወቻ ይመስላል። ለኔ ይሄ ደስ ይለኛል። ውሸት ነው የሚሉም አሉ።

በነገራችን ላይ ከአውሮፕላን መስኮት የሚሆነውን የሚያህል የለም። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎሜትር ሲበር በ1 ሰከንድ 250 ሜትር ይሄዳል። አንስተህ፣ አንድ ሰከንድ ቆይተህ ድገም፣ በቃ። ደመናው ተራራ ሆኖ ይነሳል። በግራ መስኮት ከተቀመጥክ የመጀመሪያው ፎቶ የግራ ዓይን ነው፣ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝህ እየወሰደህ ስለሆነ። በቀኝ መስኮት ከሆንክ ይገለበጣል፣ የመጀመሪያው የቀኝ ዓይን ይሆናል። ክንፉን ከፍሬም አውጣው። ክንፉ አብሮህ ስለሚሄድ በሁለቱም ፎቶ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ቅርብ ሆኖ ሳለ ከደመናው የራቀ ይሆንብሃል።

ጋሽ_ሌንስ

ልጆች፣ ስትከራከሩ ደስ ትላላችሁ። ማርስ ላይ የነበሩት ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የተባሉ ሮቨሮች (ተሽከርካሪ ሮቦቶች) ሁለቱ ዋና ካሜራዎቻቸው 30 ሳንቲሜትር ተራርቀው ነበር የተተከሉት። ከሰው ዓይን ወደ 5 እጥፍ ማለት ነው። እነሱ ሩቅ ያለን ድንጋይ ርቀት መለየት ነበረባቸው፣ ስለዚህ አስፍተው ተከሉት። ለምን እንደምታነሺው መጀመሪያ እወቂ፣ ርቀቱ ከዚያ ይመጣል።

ነገሩ ከፎቶግራፍም ይቀድማል። ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 ሁለት መስተዋቶች ገትሮ፣ በእጅ በተሣሉ ቀላል መስመሮች ነበር ሁለት ዓይን ጥልቀት እንዴት እንደሚያገኝ ያሳየው። ፎቶግራፍ ለሕዝብ የተገለጠው በዓመቱ ነው። የእሱ መስተዋት ዛሬም ይጠቅማል፤ ለማሻገር የማይመች ትልቅ ህትመት በመስተዋት ያለ ድካም ይታያል።

ብርሃን_ፈላጊ

ጋሼ፣ እንደዚህ ያለ ነገር እየጨመሩልኝ። ትሪፖድ፣ የእግሩ ዘዴ ሠርቷል። አሁን የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከላይና ከታች ያለውን በምን ላስተካክል? በዓይን ግምት እያደረግኩ ነው። ሁለተኛ፣ የሰውየው ክንድ በፎቶው ግራ ጠርዝ ተቆርጧል፣ እና እዚያ ቦታ ላይ የሆነ የሚረብሽ ነገር አለ። ምን እንደሆነ መናገር አልቻልኩም።

ጥንድ_ዓይን

ለመጀመሪያው ስቴሪዮ ፎቶ ሜከር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ለዊንዶውስ። ሁለቱን ምስሎች ስትሰጪው ራሱ ያዛምዳል፦ ከፍታውን፣ ዘመም ማለቱን፣ የመጠን ልዩነቱን። እኔ በእጅ ማስተካከል ትቻለሁ።

ሁለተኛው የመስኮት ጉዳይ ነው። የፎቶውን ጠርዝ እንደ መስኮት ፍሬም አስቢው። ከመስኮቱ ኋላ ያለ ነገር በፍሬሙ ቢቆረጥ ማንም አይገርመውም። ከመስኮቱ ፊት የወጣ ክንድ ግን ከኋላው ባለ ፍሬም ሊቆረጥ አይችልም። ጥልቀቱ "ፊት ነው" ይላል፣ ጠርዙ "ኋላ ነው" ይላል። የሚረብሽሽ ይህ ነው።

መፍትሔው ሁሉንም ከመስኮቱ ኋላ መግፋት ነው። ከግራው ፎቶ ግራ ጠርዙን፣ ከቀኙ ፎቶ ደግሞ ቀኝ ጠርዙን እኩል ቁረጪ። ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ ተመልከቺ። ቅርቡ ነገር በሁለቱም ምስሎች ከግራ ጠርዝ እኩል ርቀት ላይ ሲሆን ልክ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ክንዱ ሰላም ያገኛል። አንድ ነገር ሆን ብለሽ ወደ ተመልካቹ እንዲወጣ ከፈለግሽ ደግሞ የግራና የቀኝ ጠርዝ የማይነካውን ምረጪ።

ዝም_ብዬ_አያለሁ

ሆነልኝ!!! ጣቴን አቁሜ ነው። ወይ ጉድ። ወንበሩን ልጨብጠው ነበር።

ግን ይሄ ሁሉ ለምን? አሁን ከአንድ ፎቶ ጥልቀት የሚያወጡ አፖች አሉ አይደል? አንድ ጠቅ፣ አለቀ።

የመስክ_ካሜራ

አሉ። ይገምታሉ። ከፊት ያለ ሰው የሸፈነውን ነገር በሁለተኛው ዓይን ልታየው ይገባ ነበር፤ ካሜራው ግን አላነሳውም። አፑ ከራሱ ፈጥሮ ይሞላል። በፀጉር ዙሪያ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ፣ በብርጭቆ ላይ ብትመለከት የተለቀለቀ ነገር ታያለህ። ብርጭቆ ላይ ያለ ነጸብራቅ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋበታል። በእውነተኛ ጥንድ ነጸብራቁ በሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ብርጭቆው ብርጭቆ የሚመስለው በዚያ ነው። ሟች ዘመድህን ከአሮጌ ፎቶ ለማየት ከሆነ ይሁን፣ ሌላ አማራጭ የለም። ሁለት እርምጃ መንቀሳቀስ ለሚችል ሰው ግን ስንፍና ነው።

ሁለት_ስልክ

ስለ ቪዲዮ ማንም አልመለሰላትም። እኔ የምውለው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ዓይነት ስልኮች መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱን አቁመሽ ጎን ለጎን አያይዣቸው። የሌንሶቹ ርቀት የአንዱ ስልክ ስፋት ይሆናል፣ ማለትም ከ7 እስከ 8 ሳንቲሜትር። በ1 ለ30 ስሌት ከ2 ሜትር ከግማሽ ያነሰ ነገር አታስጠጊ። በዚህ አቀማመጥ የሚወጣው ግን የቁም ቪዲዮ ነው። የአግድም ከፈለግሽ ሁለቱን አጋድመሽ የካሜራ ጫፋቸውን ብታገናኚ አንዱ ይገለበጣል። ምስሉን በኤዲቲንግ መመለስ ቀላል ነው። ችግሩ የስልክ ካሜራ ፍሬሙን (ቪዲዮው የተሠራበትን እያንዳንዱን ምስል) በአንዴ አያነብም፣ ከአንድ ጠርዝ ጀምሮ መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። የተገለበጠው ስልክ ከሌላኛው ጫፍ ይጀምራል። የሚንቀሳቀስ ነገር በአንዱ ወደዚህ፣ በሌላው ወደዚያ ይዘማል። ለቆመ ነገር ችግር የለውም። ለሚሮጥ ልጅ ግን አይሆንም።

ሁለቱንም ካስጀመርሽ በኋላ ፊታቸው አንዴ አጨብጭቢ። በኤዲቲንግ የድምፁን ሹል ቦታ አግኝተሽ ታገጥሚያለሽ። ግን ፍሬም ለፍሬም ብታገጥሚም በመካከል የሚቀር አለ። በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀዳ በፍሬሞች መካከል 33 ሚሊሰከንድ አለ፣ ስለዚህ እስከ 17 ሚሊሰከንድ ድረስ ሊዛነፍ ይችላል። ትንሽ ይመስላል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚንቀሳቀስ እጅ በ17 ሚሊሰከንድ 1.7 ሳንቲሜትር ይሄዳል። የሌንሶችሽ ርቀት ራሱ 7 ነው! ስለዚህ ወደ ቀኝ የሚሄድ መኪናና ወደ ግራ የሚሄድ መኪና በአንድ መንገድ ላይ እያሉ አንዱ ከአስፋልቱ ፊት፣ ሌላው ከአስፋልቱ ሥር ይታያል። በ60 ፍሬም ብትቀጂ ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል።

የስልኩን የመንቀጥቀጥ ማረጋጊያ አጥፊ። እያንዳንዱ ስልክ ለብቻው ምስሉን ስለሚያንሸራትት ጥልቀቱ ይዋኛል። ሌንስ በራሱ የሚቀያይረውንም አጥፊ።

ብርሃን_ፈላጊ

የመኪናውን ነገር አሁን ገባኝ፣ ትናንት የቀዳሁት ላይ አንዱ መኪና መሬት ሰርጎ ነው የሄደው። ሲጨርስስ በምን መጠን ላውጣው? "ግማሽ" እና "ሙሉ" የሚል አየሁ።

ሁለት_ስልክ

ሙሉው 3840 በ1080 ፒክስል ነው፣ እያንዳንዱ ዓይን 1920 በ1080 ያገኛል። ግማሹ ሁለቱንም በ1920 በ1080 ውስጥ ይጨምቃል፣ እያንዳንዱ ዓይን 960 በ1080 ይደርሰዋል፣ ሲታይ ማጫወቻው መልሶ ይለጥጠዋል። ግማሹ ለስሪዲ ቴሌቪዥኖች የተመቸ ነበር። እነዚያ ደግሞ የመጨረሻዎቹ አምራቾች ኤልጂና ሶኒ በ2017 ከተዉት ወዲህ ከገበያ ወጥተዋል። በባዶ ዓይን ለሚያይ ሰው ግማሹን አትስጪው፣ ሰዉ ሁሉ መቃ መቃ ይሆንበታል። የቁም ቪዲዮ ከሆነ እኮ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከካሬ ብዙ አይርቁም፣ ሙሉውን አውጪው።

መነፅር_ወዳድ

አይፎን 15 ፕሮ ያለው ሰው ከአይኦኤስ 17.2 ጀምሮ በአንድ ስልክ ብቻ ይቀዳል። ስልኩ ይጋደማል፣ ሁለት ሌንሶች አብረው ይሠራሉ። የማዛመድ ጣጣ የለም።

ሁለት_ስልክ

እውነት ነው፣ ሰዓቱ ይገጥማል። ግን ሌንሶቹ የሚራራቁት 2 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው፣ ከ3 ሜትር ወዲያ ያለው ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። አንዱ ሌንስ በጣም ሰፊው ስለሆነና መሃሉ ብቻ ተቆርጦ ስለሚወሰድ ማታ ላይ አንዱ ዓይን ጥርት፣ ሌላው አሸዋ ይሆናል። ፋይሉም ጎን ለጎን አይደለም፣ መቀየር አለበት። ጠረጴዛ ላይ ላለ ሰው ግን አሪፍ ነው፣ አልክድም።

ትሪፖድ

ፉጂ በ2010 ያወጣው ሪል ስሪዲ ደብልዩ 3 የሚባል ካሜራ ያገለገለ ካገኛችሁ ሁለት ሌንስ በ7.5 ሳንቲሜትር አለው። ፎቶውን በኤምፒኦ ፋይል ያስቀምጣል፣ ሁለቱ ምስሎች በአንድ ፋይል ውስጥ ናቸው። ተራ ፎቶ መክፈቻ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ "አንዱ ጠፋ" ብላችሁ እንዳትሰርዙ።

ብርሃን_ፈላጊ

ካሜራ አልገዛም ብያለሁ 😄 የመጨረሻ ጥያቄ። በአንድ ስልክ፣ በእግር ዘዴ ዛፍ ሳነሳ ቅጠሎቹ ያብለጨልጫሉ። ግንዱ ሰላም ነው።

ትሪፖድ

ንፋስ ነው። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ቅጠሉ ተንቀሳቅሷል፣ ግራ ዓይንሽ ያየው ቅጠል ለቀኝ ዓይንሽ እዚያ የለም። ጥንድ ስልኮችሽን ለዛፍ ተጠቀሚባቸው፣ በአንዴ ሁለቱንም ለመጫን የብሉቱዝ ማንሻ ለእያንዳንዱ አድርጊ። ወይም ከ6 እስከ 8 ጥንድ አንሺና ንፋሱ የተኛበትን ምረጪ። ውሃ ከሆነ ደግሞ ረጅም ኤክስፖዠር (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ስጪው፣ ወደ ጭጋግ ይለወጥና የሚያብለጨልጭ ነገር አይቀርም።